ያልተመለሱ የክፍላችን ልጆች

ከብርሸለቆ ወታደራዊ ማሠልጠኛ የተጻፈልኝ አንድ ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለኝ። ጥር 1991 ዓ.ም. የተጻፈ ነው፤ ከደብተር በተገነጠለ ባለመስመር ወረቀት ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በጣም ደህና ነኝ» ብሎ ይጀምራል፣ ያኔ ሁላችንም እንደምንጀምረው። ስለ ሥልጠናው፣ ስለ ሙቀቱ፣ አብረውት ስለ ሄዱት የክፍላችን ልጆች ይነግረኛል። መጨረሻው ላይ «የክፍላችንን ፎቶ አሳጥበሽ ላኪልኝ፤ እኔ ያን ጊዜ ብር ስላልነበረኝ አልወሰድኩም» ይላል።

አልላክሁለትም። ፎቶ ቤቱ ደሴ ፒያሳ ነበር፣ ከቤታችን የሃያ ደቂቃ መንገድ። ኔጌቲቩን እስክንፈልግ ከሦስት ቀን በኋላ ተመለሺ አሉኝ፤ ሳልመለስ ቀረሁ። ዛሬ ነገ ስል መጋቢት ገባ። በዚያ መጋቢት ጾረና ግንባር ላይ ከባድ ውጊያ ተደረገ፣ እሱም ከዚያ አልተመለሰም። እኛ ያወቅነው ግን ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ ለእናቱ መርዶ ሲነገር ነው።

ይህን የምጽፈው ሰሞኑን ከእኔ በጣም የሚያንሱ ልጆች «እናንተ እንዴት አድርጋችሁ ነው ያሰባሰባችሁት?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ ነው። እነሱም የክፍል ጓደኞቻቸውን በቅርቡ ጦርነት አጥተዋል። እኛ ሃያ ዓመት ግድም ዘግይተን የጀመርነውን ነገር እነሱ ገና ትኩስ ሳለ ሊጀምሩት ነው። የተሳሳትንበትንም ያቃናንበትንም ልንገራቸው። የጓደኞቼን ስም እዚህ አልጽፍም፤ ቤተሰቦቻቸው የፈቀዱልን ለትምህርት ቤቱ ግድግዳ ነው፣ ለሌላ ቦታ አልጠየቅናቸውም።

ማትሪክ የተፈተንነው በ1990 ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 28 ባድመ ላይ የተጀመረው ግጭት ከቀናት በኋላ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሆነ። ሰኔ 11 ቀን 1992 አልጀርስ ላይ ተኩስ ለማቆም እስኪፈረም ድረስ በሁለቱም ወገን ከ70 ሺህ በላይ ሰው እንደሞተ በብዙዎች ይገመታል። ከኛ ክፍል፣ ከ12ኛ «ሐ»፣ ስልሳ አራት ነበርን። ውጤት ያልመጣላቸውና አንድ ሁለት ውጤት የመጣላቸው ጭምር፣ ዘጠኝ ወንዶች ተመዝግበው ሄዱ። ሦስቱ ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመት በችኮላ ልለፈው። ዩኒቨርሲቲ ገባን፣ ሥራ ያዝን፣ አገባን፣ ወለድን። ስንገናኝ ስለ እነሱ እናነሳና ዝም እንላለን። አንዳችን ዋሽንግተን ሄዶ ታክሲ እየነዳ ሳለ የቬትናም ጦርነት መታሰቢያውን ግድግዳ አየና ፎቶ ላከልን። በ1982 እ.ኤ.አ. የተመረቀ ነው፤ ጥቁር፣ እንደ መስታወት የተወለወለ ድንጋይ ላይ ከ58 ሺህ በላይ ስም ተቀርጿል። ማዕረግ የለውም፤ ጄኔራሉም ተራ ወታደሩም በሞቱበት ቀን ቅደም ተከተል ነው የተጻፉት። ሰዎች ስስ ወረቀት ስሙ ላይ ለጥፈው በእርሳስ እየፈተጉ ይዘውት ይሄዳሉ። ልጁ ከፎቶው በታች «የኛዎቹስ የት ተጽፈዋል?» ብሎ ጠየቀን። መልስ የሰጠ አልነበረም። እኔ የምሠራው አዲስ አበባ ነው፤ ቸርችል ጎዳና በትግላችን ሐውልት በኩል ባለፍኩ ቁጥር ጥያቄው ይመጣብኝ ነበር። ትግላችን በሶማሊያ ጦርነት ለወደቁት ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን የቆመ ትልቅ ሐውልት ነው። የኔ ጓደኞች ግን ትልቅ ሐውልት አያስፈልጋቸውም ነበር። የሚያውቃቸው ሰው በሚያልፍበት ቦታ ስማቸው ቢጻፍ ይበቃል።

የቀሰቀሰን ሐምሌ 2010 ነው። የሁለቱ አገር መሪዎች ሐምሌ 2 አሥመራ ላይ ጦርነቱ አበቃ ብለው ሲፈርሙ፣ ስልክ ሲከፈት፣ ሰው እያለቀሰ ዘመዱን ሲፈልግ አየን። የዚያን ቀን ማታ ስምንት ሆነን ተደዋወልንና «እንጀምር» አልን።

የመጀመሪያው ሥራችን ደብተር ነው። ባለሁለት መቶ ገጽ ትልቅ ደብተር ገዝቼ በእርሳስ አሰመርኩት፦ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የቤት ስም፣ የክፍል ተራ ቁጥር፣ ሰፈር፣ የሄደበት ወር፣ ለመጨረሻ ጊዜ ማን አየው፣ ደብዳቤ አለ ወይ፣ ፎቶ ማን ጋ አለ፣ ከቤተሰብ ማንን እናናግር። ከትዝታችን ስንሞላው የራሳችን እርሳት አስደነገጠን። የአንዱን ልጅ የአባት ስም ከስምንታችን የሚያውቅ ጠፋ። ሦስት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን የምንጠራው በቅጽል ስሙ ብቻ ነበር። ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት የድሮውን ሮስተር አስፈልገን ነው ያገኘነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ሮስተሩን ያዙ። ፎቶ አንሱት፣ ሁሉንም ገጽ፣ የሞቱትን ስም ብቻ ሳይሆን የሁላችሁንም። ለምን እንደምል ወደ ኋላ ታያላችሁ።

ሁለተኛው ወደ ቤተሰብ መሄድ ነው፤ እዚህ ላይ ነው በጣም የተሳሳትነው። ከመካከላችን አንዱ፣ በቅንነት፣ ለአንድ አባት ስልክ ደውሎ «የልጅዎን ስም ድንጋይ ላይ ልናስቀርጽ ነው፣ ሙሉ ስሙን ይንገሩኝ» አላቸው። አባትየው ስልኩን ዘጉ። በማግስቱ ሌላ ልጃቸው ደውሎ «ማታ ሙሉውን አልተኙም» አለን። መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚነገር እናውቃለን፤ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎረቤት ተነግሮት፣ ማለዳ ነው። ይህም ሁለተኛ መርዶ ነው። በስልክ አይደረግም። ከዚያ በኋላ ደንብ አወጣን፦ ሁለት ወይም ሦስት ሆነን እንሄዳለን፤ አንዱ ቤተሰቡ በልጅነቱ የሚያውቀው ይሁን፤ ቡናና ስኳር ይዘን፤ መጀመሪያው ቀን ደብተር አናወጣም። ስለ ልጁ እነሱ ካላነሱ እኛ አናነሳም። አንዳንድ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላልሰን ነው ስሙ የተነሳው።

ደብዳቤውን የጻፈልኝ ልጅ እናት ቤት ስሄድ ግን ገና እንደገባሁ «አንቺ! የፎቶዋ ልጅ» አሉኝ። ለእሳቸውም ጽፎላቸው ነበር ማለት ነው። ቤታቸው ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው፣ የጦሳ ተራራ ከበሩ ፊት ለፊት ይታያል። ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ተነሥተው ከአልጋ ሥር የቆርቆሮ ሳጥን ጎተቱ። የናፍታሊን ሽታ ቤቱን ሞላው። ውስጡ ክሬም ሸሚዝ፣ የማትሪክ መፈተኛ ካርዱ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶና የባዮሎጂ ደብተሩ ነበር። ሸሚዙን አላወጡትም፤ በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው መርዶው የመጣ ቀን ለቀስተኛ ፊት ይዘው ያለቀሱት እሱን እንደሆነ ነገሩኝ። አስከሬን ስላልነበረ። ደብተሩን ግን ሰጡኝ። ገለጥኩት። የሴል ሥዕል፣ ቀስት፣ ስም፣ የመምህሩ ቀይ ምልክት። የኋለኛው ሽፋን ላይ ደግሞ በክፍሎች መካከል የነበረው የኳስ ውድድር ውጤት በሙሉ ተመዝግቧል። «12ሐ 3፣ 12መ 1» ይላል፤ ከሥሩ ጎል ያገቡት ልጆች ስም፤ የራሱ ስም ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። እኔ ያን ጨዋታ አልረሳሁትም። ጎል አግብቶ የሮጠው ወደ እኛ ወደ ሴቶቹ ሳይሆን ወደ ጥበቃው ሽማግሌ ነበር፤ አቅፈው አነሡት።

ይህን የምናገረው አንድ ነገር ለማለት ነው። ስም ብቻ አትሰብስቡ። ኳስ ይጫወት ነበር፣ ሒሳብ ይጠላ ነበር፣ በሰልፍ ላይ ባንዲራ የሚሰቅለው እሱ ነበር፣ ለታናሽ እህቱ በየቅዳሜው ፀጉር ይሠራላት ነበር፤ እንዲህ ያለውን ጻፉ። እኛ ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ ጻፍንና በቤተ መጻሕፍቱ አስቀመጥን። ተማሪዎቹ ድንጋዩን አይተው ያልፋሉ፤ ገጹን ግን ተቀምጠው ያነቡታል። የባዮሎጂ ደብተሩንም ሽፋን ፎቶ አንስቼ አሳትሜ ከገጹ ጋር አያይዤዋለሁ። ዋናውን ለእናቱ መልሻለሁ። ዋናውን ሁልጊዜ በዚያው ቀን መልሱ፤ «አስነሥቼ ነገ አመጣለሁ» አትበሉ። እኔ ስለ ነገ የማውቀውን አውቃለሁ።

ከስድስቱ የአምስቱ መርዶ ተነግሯል። የስድስተኛው አልተነገረም። ቡሬ ግንባር እንደነበር እናውቃለን፣ ሌላ ምንም አናውቅም። እናቱ ክርስቲያን ናቸው፤ ፍትሐት አላስፈቱም፣ ተዝካር አላወጡም፣ «ልጄ ይመጣል» ይላሉ። ጎረቤትም ዘመድም ለምዶታል። በርካታ ቤት እንዲህ ያለ እናት አለች፤ ከኔ ተሞክሮ የሚጠቅማችሁ ነገር ካለ ይሄ ነው፦ እናንተ መርዶ ነጋሪ አትሁኑ። ለእኛ በሀያ ዓመት ያልተመለሰ ሰው ሞቷል። ለእሳቸው ግን ያን የሚነግራቸው ሥልጣን ያለው ሰው አልመጣም፣ እኛም ሥልጣኑ የለንም። በዚህ ምክንያት ነው በድንጋዩ ላይ የሚጻፈው ቃል ወራት ያከራከረን። «የተሰዉ» የሚል ነበር የመጀመሪያው ሐሳብ፤ ሁሉም መታሰቢያ ላይ ያለ፣ ክብርም ያለው ቃል ነው። «የወደቁ» የሚልም መጣ። ሁለቱም የእሳቸውን ልጅ ይገድሉታል። ቤታቸው ሄደን ሐሳባችንን ስንነግራቸው ዝም ብለው ሰሙና «አልተመለሱም በሉ፤ ይሄ እውነት ነው» አሉን። በአንድ ጊዜ ክርክሩ አለቀ። «በ1990 ዓ.ም. ከተማሩት ያልተመለሱ የክፍላችን ልጆች» ብለን ጻፍን።

ያ ቃል ሳናስበው ለሌላም ነገር በር ከፈተ።

በክፍላችን የኤርትራ ተወላጅ የሆነ ልጅ ነበር። ደሴ ተወልዶ ደሴ ያደገ፣ አማርኛችንን ከኛ አሳምሮ የሚናገር። ጦርነቱ ሲጀመር በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የኤርትራ ተወላጆች ከኢትዮጵያ እንዲወጡ ሲደረግ የእሱም ቤተሰብ ወጣ። ሌሊት ተወስደው በነጋታው አውቶብሱ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ቡሬ እንደሄደ ሰማን። የልብስ ማጠቢያ ሳፋቸው ግቢያቸው ውስጥ ውሃ እንደያዘ ቀርቶ ነበር፤ አጥሩ አጭር ስለነበር እያየሁት ነበር ትምህርት ቤት ሰርተፊኬት ልወስድ የምሄደው። ስለ እሱ ማንም ጮክ ብሎ አያወራም ነበር። መስከረም 1 ቀን 2011 የዛላምበሳና የቡሬ ድንበር ሲከፈት፣ በሚቀጥለው ወር እህቱ በዛላምበሳ አልፋ፣ በመቀሌ በኩል በአውቶብስ ደሴ ድረስ መጣች። የድሮ ቤታቸውን አየች። ከዚያ የኛን ቤት ጠየቀች። ወንድሟ እዚያ እንደደረሰ ለውትድርና እንደተወሰደና ግንቦት 1992 በተደረገው ውጊያ እንደሞተ ነገረችን። እነሱም የሰሙት በ1995 ነው፤ የኤርትራ መንግሥት በጦርነቱ የሞቱትን ለየቤተሰቡ ሲያሳውቅ፣ ለብዙ ቤት በአንድ ጊዜ መርዶ ሲነገር። የኛም እናቶች፣ የእሷም እናት፣ ልጆቻቸው አፈር ከገቡ ከቆየ በኋላ ነው ያለቀሱት።

ስሙ ይግባ ወይስ አይግባ? እኔ ይግባ ነው ያልኩት፣ አሁንም እላለሁ። የኛ ድንጋይ የሠራዊት ድንጋይ አይደለም፣ የክፍል ድንጋይ ነው። ተራ ቁጥር 31 ነበር፤ መምህር 30 ብሎ 32 አይልም። ሐሳቤን የተቃወሙም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ከተመለሱት ሦስቱ አንዱ፣ እግሩ ውስጥ ዛሬም ፍንጣሪ አለ፣ «እኔ አብሬው ቆሜ ስሙን አነባለሁ፤ ለእናቶቹ ግን እኔ አልናገርም» አለ። ትክክል ነበር፣ ለእናቶቹ መናገር ነበረብን። እናታቸው ያለፈባቸውን ወንድም ወይም እህት ጠየቅን። አራቱ ቤት ያለ ችግር እሺ አለ። አንደኛው ቤት የሙስሊም ቤት ነው፤ አባትየው ሸኽ ናቸው፣ «ሁሉም ወደ አላህ ነው የሄደው፣ እዚያ ድንበር የለም» አሉ። አንዲት እናት ግን እምቢ አሉ። «እናቱን አውቃታለሁ፣ እርሾ ተበዳድረናል። ደግ ሴት ናት። ግን የኔን ልጅ ስም ከዚያ ጋር አታድርጉብኝ፤ አልችልም።»

ስምንት ወር ጠበቅን። ሽማግሌ አልላክንባቸውም፤ ሐዘንን በሽማግሌ ማስገደድ ነውር ነው ብለን። በበዓል እየሄድን እንጠይቃቸዋለን፣ ነገሩን አናነሳም። ሐሳባቸው አልተለወጠም። በመጨረሻ የሁለቱንም ክብር ለመጠበቅ ያገኘነው መንገድ ይህ ብቻ ነበር፦ የእሳቸው ልጅ ስም አልተቀረጸም፤ በተራ ቁጥሩ ቦታ ላይ ግን መስመሩ ባዶ ተትቷል። ሰባት መስመር፣ ስድስት ስም። ከዓመታት በኋላም መስመሩ ባዶ ነው፤ እኔም ስህተት ሠርተን እንደሆነ አንዳንድ ሌሊት አስባለሁ። ግን ያለ እናቱ ፈቃድ አልጽፈውም።

ስለ ድንጋዩ ራሱ። የሠራልን የመቃብር ሐውልት የሚሠራ ሰው ነው። እምነበረዱ ነጭ፣ ሰማኒያ በስልሳ ሳንቲሜትር። ለሠሪው ጽሑፉን በስልክ አትንገሩት፣ በእጅ ጽሑፍም አትስጡት። በትልቅ ፊደል አሳትማችሁ፣ በየቤቱ ይዛችሁ ዙሩና ቤተሰቡ ጣቱን እያስኬደ ያንብበው። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ»፣ «ሰይድ» እና «ሰዒድ»፣ «መሐመድ» እና «ሙሐመድ» ለኛ አንድ ሊመስሉን ይችላሉ፤ ለአባት አንድ አይደሉም። እኛ ይህን አድርገንም አንድ ፊደል ተሳስቶ ወጣ። ሠሪው በሲሚንቶ ደፍኜ ላስተካክል አለ። አይሆንም ብለን ሌላ ድንጋይ ከፈልን።

ብሩን በተመለከተ፣ በመጀመሪያ ውጭ ያሉት ብዙ ላኩ፣ አገር ቤት ያሉት አፈሩ። ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት የክፍላችን ልጅ የሦስት ወር ደሞዟን ልትልክ ስትል አስቆምናት። ከዚያ መዋጮውን ለሁሉም እኩል አደረግነው፤ በሰው 600 ብር። ያልቻለ ጉልበቱን ያዋጣል። ሒሳቡን እኔ ይዤ በየወሩ ለሁሉም እልክ ነበር። የሒሳብ ባለሙያ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፤ በሙታን ስም የተሰበሰበ ብር ላይ ጥርጣሬ ከገባ ጓደኝነቱም መታሰቢያውም አብሮ ይጠፋል።

የምርቃቱን ቀን የመረጥነው በጦርነቱ ታሪክ አይደለም። ሁለት ካላንደር ዘርግተን፣ ጾም ያልሆነበትን፣ ረመዳን ያልገባበትን፣ ትምህርት ቤቱ ክፍት የሆነበትን ቅዳሜ ፈለግን። ጥር 2012፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሆነ። ወሎ ነውና ጠዋት ቄሱ ጸሎት አደረሱ፣ ቀጥሎ ሸኹ ዱዓ አደረጉ፤ ምግቡ የሙስሊምም የክርስቲያንም ተብሎ በየወገኑ ተዘጋጀ። የባለሥልጣን ንግግር አልነበረም። ጋብዘን ነበር፣ ግን እንደ እንግዳ ተቀምጠው እንዲያዩ ነው የለመንናቸው፤ እነሱም አክብረውልናል።

ንግግር ያደረጉት የያኔው የክፍላችን ኃላፊ መምህር ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ መነጽራቸው ወፍራም ነው። ሮስተሩን ሰጠናቸውና ስም ጥሩልን አልናቸው። ያኔ በየጠዋቱ እንደሚያደርጉት ከተራ ቁጥር 1 ጀመሩ። የመጣነው ሃያ ሰባት ነበርን፤ የተጠራ «አቤት» ይላል፣ ያልመጣው ዝም። የመጀመሪያው ያልተመለሰ ልጅ ስም ሲጠራ ዝምታ ሆነ። መምህሩ ቀና አሉ። ከኋላ ታናሽ ወንድሙ፣ አሁን ከሱ ዕድሜ በእጥፍ የሚበልጥ ሰው፣ «አቤት» አለ። ማንም አላዘጋጀውም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቤት መለሰ። ተራ ቁጥር 31 ሲደርስ ያ ፍንጣሪ ያለበት ጓደኛችን መለሰለት። የስድስተኛው ልጅ እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተነሡና «ይመጣል» አሉ። መምህሩ ትንሽ ቆዩና ወደሚቀጥለው ቁጥር አለፉ። በበኩሌ ከድንጋዩ ይልቅ ይህ ስም ጥሪ ነው መታሰቢያው። ምንም ወጪ የለውም፤ ሮስተሩና መምህሩ በሕይወት ካሉ ብቻ።

ሮስተሩን ፎቶ አንሡ ያልኩት ለዚህ ነው። ጥቅምት 2014 የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ገባ። ከተማዋ ኅዳር መጨረሻ ላይ ስትለቀቅ ትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ወለሉ በተበጫጨቀ ወረቀት ተሸፍኖ ነበር። የኛ ዓመት ሮስተር አልተገኘም። የቤተ መጻሕፍቱ ገጾችም የሉም። ድንጋዩ አለ፤ የታችኛው ማዕዘኑ ተሰብሯል፣ ስሞቹ ግን ተርፈዋል። ቀድመን ሦስት ቅጂ ስላዘጋጀን፣ አንዱ አዲስ አበባ እኔ ጋ፣ አንዱ ዋሽንግተን፣ ገጾቹን እንደገና አሳትመን መልሰናል። የተሰበረውን ማዕዘን ይሠራ ያሉ ነበሩ። እንዲሁ ይሁን ብለን ተውነው።

በቅርቡ ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ደውሎልኝ አዲስ አበባ ቢሮዬ መጣ። ከክፍላቸው አሥራ አንድ ልጅ በዚህ ጦርነት አጥተዋል፤ ሁለቱ የት እንደገቡ አይታወቅም። ፎቶአቸው በሙሉ ስልኩ ውስጥ ነው፣ የአንዱም በወረቀት የለም። የኔን ደብተር ዓምዶች እያየ በራሱ ደብተር ላይ አሰመረ። «ድንጋይ ሠሪው የት ነው ያለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ድንጋዩን ለአሁን ተወው አልኩት። ፎቶዎቹን ዛሬውኑ አሳጥባቸው። ሮስተሩን ፈልግ። እናቶቹን ደግሞ ሄደህ እያቸው፣ ስለ መታሰቢያ ምንም ሳታነሣ።

እስከ አሁን ወደ አንድም ቤት ብቻውን መግባት እንዳልቻለ ነገረኝ። በሚመጣው ሳምንት ደሴ ወርጄ ከመጀመሪያዋ እናት ቤት አብሬው እገባለሁ። ቡናውን እኔ እገዛለሁ። የፎቶ ቤቱንም አድራሻ ሰጥቼዋለሁ፤ አሁንም ፒያሳ ነው።